ፔኪንጊዝ፦ አንበሳ ያላዩ ሰዎች የሠሩት ትንሽ አንበሳ

በስልካችን ላይ ከሚያልፉት የውሻ ቪዲዮዎች አንዱን ሁላችንም አይተነዋል። ፊቱ በመዳፍ የተጫኑት ያህል ጠፍጣፋ የሆነ፣ ዓይኑ ፈጠጥ ያለ፣ ጸጉሩ መሬት የሚጠርግ ትንሽ ውሻ ትራስ ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋል። ከሥሩ አስተያየቱ ይደረደራል። አንዱ «ሲያምር!» ይላል። ሌላው «ይሄማ መጫወቻ እንጂ ውሻ አይደለም» ብሎ ያላግጣል። ሦስተኛው «እንዲህ አድርጎ ማራባት ግፍ ነው» ብሎ ይቆጣል።

ሦስቱም እውነት አላቸው። ግን ሦስቱም ታሪኩን ከመሀል ነው የሚጀምሩት። የፔኪንጊዝ ውበትም፣ ግትርነቱም፣ ማንኮራፋቱም ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው፤ ሰዎች ውሻን ወስደው አንበሳ ሊያደርጉት ከመሞከራቸው። ነገሩን ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ምን ዓይነት ውሻ ነው?

ዝርያ የሚባለው፣ ሰዎች ለብዙ ትውልድ እየመረጡ ስላዳቀሉት መልኩና ጸባዩ ከወላጅ ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚተላለፍ የውሻ ወገን ነው። ከዝርያዎቹ መካከል አንዳንዱ ለአደን፣ አንዳንዱ ለበግ ጥበቃ፣ አንዳንዱ ለዘበኝነት ተመርጧል። ፔኪንጊዝ ከእነዚህ አይመደብም። እሱ የእቅፍ ውሻ ነው። ሥራው ከሰው ጋር መሆን ብቻ ነው። «ይሄ ደግሞ ሥራ ነው እንዴ?» የሚል ካለ፣ ነው። ይህን ሥራ ሲሠራ ብዙ መቶ ዓመታት አሳልፏል።

ስሙን ያገኘው ከፔኪንግ ነው። ፔኪንግ ፈረንጆች ለቤይጂንግ የሰጧት የቀድሞ ስም ናት። የከተማዋ ስም በዓለም ካርታ ላይ ሲቀየር የውሻው ሳይቀየር ቀረ።

ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ኪሎ ተኩል አይበልጥም። ይሁን እንጂ ድመት የሚያነሳ መስሎት እጁን የዘረጋ ሰው ይደነግጣል። አጥንቱ ወፍራም ነው፣ ደረቱ ሰፊ ነው፣ ክብደቱም ወደ ፊት ያደላል። የፊት እግሮቹ አጭርና ቆልመም ያሉ፣ የኋላዎቹ ቀጠን ያሉ ናቸው። ስለዚህ ሲሄድ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ጎምለል ይላል። አይሮጥም ማለት አይደለም። መሮጥ ለሌሎች የተተወ ተግባር አድርጎ የሚቆጥረው ይመስላል እንጂ።

አንገቱን የከበበው ረጅም ጸጉር ደግሞ ጎፈር ነው። የአንበሳ ጎፈር። ታሪኩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አንበሳ በሌለበት አገር «የአንበሳ ውሻ» ከየት መጣ?

በቻይና የዱር አንበሳ አልነበረም። አንበሳ ወደ ቻይና የገባው እንደ እንግዳ ነው። ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት፣ በሐን ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በስተምዕራብ ያሉ ነገሥታት ለቻይና ንጉሠ ነገሥት አንበሳ በስጦታ ይልኩ ነበር። ያንን ያየው ግን ቤተ መንግሥት የገባ ሰው ብቻ ነው። ሌላው ሕዝብ አንበሳን የሚያውቀው በወሬ ነው።

ከሕንድ የመጣው የቡድሃ እምነት ወሬውን አገነነው። በዚህ እምነት አንበሳ የተከበረ እንስሳ ነው። ማንጁሽሪ የተባለው የጥበብ ቅዱስ በአንበሳ ላይ ተቀምጦ ይሳላል። ትንሽ ውሻ አስከትሎ ይሄድ ነበር፣ አደጋ ሲመጣ ውሻው አድጎ አንበሳ ይሆንለት ነበር የሚል አፈ ታሪክም አለ።

እንግዲህ አንድ ድንጋይ ጠራቢ አስቡ። አንበሳ ቅረጽ ተብሏል። አንበሳ አይቶ አያውቅም። የነገሩት «ትልቅ ጭንቅላት አለው፣ ዓይኑ ያፈጣል፣ አንገቱ ላይ ጸጉር ይጎፈራል» ብቻ ነው። እሱም የሰማውን ይቀርጻል። የሱን ሥራ ያየ ሌላ ጠራቢ ትንሽ ጨምሮበት ይደግመዋል። ዛሬ በቻይና ቤተ መንግሥትና ቤተ መቅደስ በሮች ላይ የተቀመጡትን የድንጋይ አንበሶች ብትመለከቱ ፊታቸው ጠፍጣፋ፣ አፋቸው ሰፊ፣ ዓይናቸው የፈጠጠ ነው። እውነተኛውን አንበሳ አይመስሉም። ፔኪንጊዝን ግን ቁርጥ እሱን ናቸው።

ውሻ አርቢዎቹም የተከተሉት ይህንኑ ምስል ነው። በየውልደቱ ፊቱ ጠፍጠፍ ያለውን፣ ጎፈሩ የበዛውን፣ ደረቱ የሰፋውን ቡችላ እየመረጡ እርስ በርሱ አዳቀሉት። የልጆቹን ልጆች ደግሞ እንደገና መረጡ። ስለዚህ ፔኪንጊዝ የአንበሳ ቅጂ አይደለም። የወሬ ቅጂ ነው። እኔን ከዚህ ዝርያ ታሪክ በሙሉ የሚያስገርመኝ ይህ ነው፤ በድንጋይና በቀለም ሲሠራ የቆየውን ምናብ ሰዎች ሥጋ ለብሶ እንዲራመድ አደረጉት።

ሳይንስ ምን ይላል?

በ2004 ተመራማሪዎች የ85 ዝርያ ውሾችን ዘረ መል አነጻጽረው ነበር። ከተኩላ ጋር ይበልጥ የሚቀራረቡ ሆነው ካገኟቸው ጥቂት ጥንታዊ ዝርያዎች መካከል ፔኪንጊዝ አንዱ ነው። ትራስ ላይ የሚያንኮራፋው ማለት ነው። ግዙፉና ተኩላ መሳዩ ጀርመን ሼፐርድ ከዚያ ቡድን የለም፤ እሱ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። ትንሽነት አዲስ ፈጠራ የሚመስለን ብዙዎች ነን። መልክ ግን ዘመድ አያሳይም።

ዘረ መልን ልብስ ሰፊ እንደሚይዘው የልክ ወረቀት ማየት ይቻላል። ከወረቀቱ አንዷን ቁጥር ብትቀይር ደረቱ እንዳለ ሆኖ እጅጌው ብቻ ያጥራል። በፔኪንጊዝ እግር ላይ የሆነውም ይኸው ነው። የአንድ ጂን (ከዘረ መል አንዷ ክፍል) ተጨማሪ ቅጂ ገብቶ የእግር አጥንቶች ማደጋቸውን ቶሎ እንዲያቆሙ አደረገ። ሌላው ሰውነት ግን ወፍራምነቱን ይዞ ቀጠለ። ይህ በ2009 ታውቋል። ያው ለውጥ በረጅም ወገቡ በሚታወቀው ዳክስሁንድና በኮርጊ ላይም ይገኛል።

ቤተ መንግሥት ውስጥ ኑሮው ምን ይመስል ነበር?

ተረቱ ብዙ ነው። አንበሳ ጦጣ አፈቀረ፣ በቁመት ስላልተመጣጠኑ አምላክን ለመነ፣ አምላክም የልቡን ጀግንነት ትቶለት ቁመቱን አሳጠረው፣ ከሁለቱም ፔኪንጊዝ ተወለደ የሚለው ከሁሉ ይታወቃል። ከተረትነት አያልፍም፣ ግን ውሻውን በቅርብ የሚያውቅ ሰው የፈጠረው መሆኑ ያስታውቃል።

ከተረቱ ባሻገር፣ የቻይና የመጨረሻው ሥርወ መንግሥት በሆነው በቺንግ ዘመን ትናንሽ ውሾች በቤተ መንግሥቱ ግቢ በጃንደረቦች እጅ ይጠበቁ ነበር። በጣም ትንንሾቹ ሹማምንቱና ወይዛዝርቱ በሚለብሱት ሰፊ እጅጌ ውስጥ ይያዙ ስለነበር «የእጅጌ ውሻ» የሚል ስም ወጣላቸው። ዛሬም ከ2.7 ኪሎ በታች የሆኑት በዚሁ ስም ይጠራሉ።

ከቻይና እንዴት ወጣ?

በዘረፋ ነው። ይህን ማለስለስ አይቻልም።

በ1860 ሁለተኛው የኦፒየም ጦርነት መጨረሻው ላይ ደርሷል። የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ወደ ቤይጂንግ ተጠጋ። ንጉሠ ነገሥት ሺየንፌንግ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሰሜን ሸሸ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ የሚገኘው ዩዋንሚንግዩዋን የተባለው ሰፊ የበጋ ቤተ መንግሥት ባዶውን ቀረ። ወታደሮቹ ገብተው ሐሩን፣ ሸክላውን፣ ወርቁን ተሸከሙ። ቀጥሎም እንግሊዛዊው ሎርድ ኤልጊን፣ የተያዙ መልእክተኞችና ወታደሮች ተሠቃይተው መሞታቸውን ለመበቀል፣ ግቢው እንዲቃጠል በጥቅምት ወር አዘዘ። እሳቱ ቀናት ፈጀ።

ከዚያ ሁሉ ዝርፊያ መካከል ነፍስ ያላቸው አምስት ነበሩ። አምስት ትናንሽ ውሾች። ራሷን የገደለች የንጉሠ ነገሥቱ አክስት አስከሬን አጠገብ ተገኙ ብለው የዝርያው ወዳጆች እስካሁን ይተርካሉ። አምስቱም በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ወደ እንግሊዝ ተጫኑ።

ከመኮንኖቹ አንዱ ካፒቴን ጆን ሃርት ዱን አንዷን ለንግሥት ቪክቶሪያ አበረከታት። ስሟ ሉቲ ተባለ። በእንግሊዝኛ «ሉት» ማለት የተዘረፈ ዕቃ ነው። ዝርፊያውን ስም አድርገው ለውሻዋ ሰጧት። ዘራፊ እንዲህ በግልጽ ሲናገር ብዙ አይታይም። በ1861 ፍሪድሪክ ካይል የተባለ ሠዓሊ ሥዕሏን ሠራ። ትንሽነቷ እንዲታወቅ አጠገቧ ዕቃ አድርገህ ሳላት የሚል ትእዛዝም ተሰጥቶት ነበር። ሉቲ እስክትሞት እስከ 1872 ድረስ በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ኖረች።

ያኔ ከሺየንፌንግ ጋር ከሸሹት መካከል አንዲት ወጣት ቁባቱ ነበረች። ሲሺ ትባላለች። በኋላ እቴጌ ሆና ቻይናን ከመጋረጃ ጀርባ እስከ 1908 የገዛችው እሷ ናት። እነዚህን ውሾች እጅግ ትወድ ነበር። በሕይወቷ መጨረሻ ዓመታት የውጭ ሰዎችን ልብ ለማግኘት ውሾቹን ትሰጥ ጀመር። በ1905 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ልጅ አሊስ ቤይጂንግን ስትጎበኝ አንድ ጥቁር ፔኪንጊዝ ተቀብላለች። በወጣትነቷ ውሾቹ ተዘረፉ፣ በእርጅናዋ ራሷ ሰጠች። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1906፣ የአሜሪካ ኬነል ክለብ ዝርያውን መዘገበ። ኬነል ክለብ ማለት የውሻ ዝርያዎችን የትውልድ መዝገብ የሚይዝና የእያንዳንዱን ዝርያ መልክ በጽሑፍ የሚደነግግ ማኅበር ነው።

በመሀል አንድ ነገር ልጨምር። በ1912 ታይታኒክ ስትሰምጥ ከተረፉት ሦስት ውሾች አንዱ ፔኪንጊዝ ነበር። ባለቤቱ አሜሪካዊው ሄንሪ ሃርፐር ውሻውን ይዞ ነው ነፍስ አድን ጀልባው ላይ የወጣው። የውሻው ስም ሱን ያት ሴን ነበር። ሱን ያት ሴን ደግሞ በዚያው ዓመት መጀመሪያ የቻይና ሪፐብሊክ የመጀመሪያ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት የሆነው ሰው ነው። የነገሥታቱ ውሻ ዙፋናቸውን በገለበጠው አብዮተኛ ስም ይጠራ ነበር ማለት ነው።

በትውልድ አገሩስ? ከ1949 በኋላ ውሻ ማሳደግ የከበርቴ ቅንጦት ተብሎ ለረጅም ጊዜ ተነቅፏል። ዛሬ ግን ተመልሷል። በቤይጂንግ መሀል ከተማ ቁመቱ ከ35 ሳንቲሜትር በላይ የሆነ ውሻ ስለማይፈቀድ፣ «ጂንግባ» የሚሉት አጭሩ የአገር ልጅ መለኪያውን ያለ ችግር ያልፋል።

ጸባዩ ለምን ግትር ይባላል?

ስትጠሩት ይሰማል። ጆሮው ደህና ነው። ቀና ብሎ ያያችኋል፣ ነገሩን ያወጣል ያወርዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ይተኛል። በዚህ የተነሳ «ደደብ» የሚሉት አሉ። ስህተት ነው።

በግ ጠባቂ ውሻ የእረኛውን እጅ እያየ እንዲታዘዝ ተመርጧል። የማይታዘዘው ልጅ አልወለደም። ፔኪንጊዝን ግን ለትእዛዝ የመረጠው የለም። እንዲኮራ፣ እንዲረጋጋ፣ ታቅፎ እንዲቀመጥ ነው የተመረጠው። ትእዛዝ የማይቀበለው ያልተሰጠውን ሥራ ስለምትጠይቁት ነው። መማር ግን ይችላል። አጭር ትምህርት፣ ትንሽ የሚቀመስ ነገር፣ ብዙ ትዕግሥት ይፈልጋል። ጩኸት አይሠራበትም። የጮኸበትን ሰው ያኮርፋል፣ ማኩረፉን ደግሞ ይችልበታል።

ከቤተሰቡ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ይመርጣል። ያንን ሰው ከክፍል ክፍል ይከተላል። እንግዳ ሲመጣ ሮጦ አይላስም፤ ራቅ ብሎ ይመረምራል። በር ሲንኳኳ ይጮኻል። ከሱ አምስት እጥፍ የሚበልጥ ውሻ ፊትም አያፈገፍግም። ቁመቱን የነገረው ያለ አይመስልም። ይህ ጀግንነት ለባለቤቱ ጭንቅ ነው፤ ትልቁ ውሻ ቀልድ ካልገባው ጉዳቱ የሚደርሰው ማን ላይ እንደሆነ ግልጽ ነው። ጸጉሩን የሚጎትት፣ አንስቶ የሚጥል ትንሽ ልጅ ካለበት ቤት ጋርም ብዙ አይስማማም።

ማንኮራፋቱ ምን ችግር አለው?

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ማንኮራፋቱ ቪዲዮ ላይ ያስቃል። ለሐኪም ግን ምልክት ነው።

ከሰፊ ቤት ወደ ጠባብ ቤት የገባ ቤተሰብ አስቡ። ቤቱ ጠበበ እንጂ ዕቃው አልቀነሰም። ሶፋው በሩን ይዘጋል፣ ቁም ሳጥኑ መተላለፊያው ላይ ይቆማል። በፔኪንጊዝ ጭንቅላት ውስጥ የሆነውም ይህ ነው። የፊቱ አጥንት አጠረ። በውስጡ ያለው ሥጋ ግን በዚያው ልክ አላጠረም። የላንቃው ለስላሳ ጫፍ ወደ ኋላ ተርፎ የአየር መግቢያውን ይጋርዳል። የአፍንጫው ቀዳዳ ጠቦ ስንጥቅ ይሆናል። የምንሰማው ድምፅ አየር በዚያ ጥበት ሲፋተግ ነው።

በዚህ ላይ ሙቀት ይጨመርበታል። ውሻ እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ አያልብም። ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፤ አየር በምላሱና በአፍንጫው እርጥበት ላይ ሲያልፍ ሙቀት ይዞ ይወጣል። መንገዱ ጠባብ ከሆነ ማለክለኩ ራሱ ድካም ይሆናል። ድካሙ ሙቀት ይወልዳል፣ ሙቀቱ ደግሞ ሌላ ማለክለክ ይጠይቃል። ወፍራም ካፖርት ለብሶ በቀጭን ቱቦ እየተነፈሱ ደረጃ እንደመውጣት ነው። በሞቃት ቀን ለአጭር ጊዜ እንኳ በተዘጋ መኪና ውስጥ መቆየት ሊገድለው ይችላል። ብዙ አየር መንገዶች ፊተ ጠፍጣፋ ውሾችን በጭነት ክፍል የማይቀበሉትም ስለዚህ ነው።

በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሪነት ተሠርቶ በ2024 የወጣ ጥናት የ14 ዝርያ ውሾችን አተነፋፈስ መርምሯል። ክፉኛ ከሚቸገሩት መካከል ፔኪንጊዝ ከፊት ነው። ያለ ምንም ችግር የሚተነፍሰው ከ10 አንዱ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የአፍንጫ ቀዳዳ ጥበትና ውፍረት ነገሩን እንደሚያባብሱም ታይቷል። ውፍረቱ በባለቤቱ እጅ ያለ ነገር ነው።

ዓይኑም ከዚሁ ጣጣ አላመለጠም። የዓይኑ ጉድጓድ ጥልቀት ስለሌለው ዓይኑ ወደ ውጭ ይወጣል። በአፍንጫው ላይ ያለው የቆዳ እጥፋት ጸጉር ሊፈትገው ይችላል። ጭረት በቀላሉ ቁስል ይሆናል። ወገቡም ከአጭር እግሩ ጋር የተያያዘ የዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ትራስ) ችግር አያጣውም፤ ከሶፋ ዘሎ መውረድን ባይለምድ ይሻላል። የቡችሎቹ ጭንቅላት ትልቅ በመሆኑ እናቲቱ በቀዶ ሕክምና መውለዷ የተለመደ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ2008 ቢቢሲ የንጹሕ ዝርያ ውሾችን ጤና የሚመረምር ዘጋቢ ፊልም ካሳየ በኋላ በብሪታንያ ትልቅ ቁጣ ተነሳ። የብሪታንያው ኬነል ክለብ በዚያው ዓመት የፔኪንጊዝን መመዘኛ ለወጠ። ፔኪንጊዝ አፍ አፍንጫው ወጣ ብሎ መታየት አለበት የሚል ተጻፈ። ትንሽ ቃል ትመስላለች። ሆኖም ውድድር የሚያሸንፈው መመዘኛውን የሚመስለው ነው፣ የሚራባውም ያሸነፈው ነው። ስለዚህ የመመዘኛ ቃል ውሎ አድሮ አጥንት ይሆናል።

ኔዘርላንድስ ከዚያ አልፋ ሄዳለች። አፍ አፍንጫው ከመጠን በላይ ያጠረ ውሻን ማራባት በሕግ ከልክላለች። በሌላ በኩል በአሜሪካ ስመ ጥሩ በሆነው በዌስትሚንስተር ውድድር በ2012 እና በ2021 ከሁሉም ዝርያ አንደኛ የወጣው ፔኪንጊዝ ነው። የ2021ዱ አሸናፊ ስሙ ዋሳቢ ነበር። አንዱ አገር የሚያግደውን መልክ ሌላው ይሸልማል።

ቤቱ ለማስገባት ያሰበ ሰው ምን ይይ?

ጸጉሩ ሥራ አለው። ድርብ፣ ከላይ ረጅምና ሻካራ፣ ከሥር ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በሳምንት ደጋግሞ ካልተበጠረ ይቋጠራል። የፊቱ እጥፋት በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ መድረቅ አለበት። አንገቱ ላይ ማሰሪያ ከማሰር ደረቱን የሚይዝ ማሰሪያ ይሻለዋል፤ አንገት ሲጎተት ትንፋሹ ይጨነቃል። በደህና ከተያዘ ከ12 እስከ 14 ዓመት ሊኖር ስለሚችል ነገሩ የአንድ ሰሞን ጉዳይ አይደለም።

ከሁሉ በፊት ግን ቡችላውን ሳይሆን ወላጆቹን ማየት ነው። ቡችላ ሁሉ ያምራል። የአፍንጫቸው ቀዳዳ ክፍት ነው ወይስ ስንጥቅ? ጥቂት ደቂቃ በእግር አስኪዷቸውና ጆሮ ስጡ። ከጥቂት እርምጃ በኋላ የሚያቃስቱ ከሆነ ልጃቸውም ይህንኑ ነው የሚወርሰው። «ይሄ የዝርያው ነው፣ ሁሉም እንዲህ ናቸው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ያ ሻጭ ሁሉም እንዲህ እንዲሆኑ የበኩሉን እየሠራ ነው።